የመምህር ሌኪ ካርታ

እሑድ ከሰዓት በኋላ ከግላስጎው የመጡ ባልና ሚስት በኮሪ ዳል ሸለቆ ካለችው፣ ለተራራ ተጓዥ ሁሉ ክፍት ከሆነችው የድንጋይ ጎጆ ደርሰው በሩን ሲገፉ፣ ጭንቅላታቸው የተፈነከተ ሽማግሌ ወለሉ ላይ ተጋድመው አገኙ። ድንኳናቸው የለም፣ ስልካቸው የለም፣ የጀርባ ቦርሳቸው ተበርብሯል። ሽማግሌው አንዴ ዓይናቸውን ገልጠው «ካርታዬን ወሰደው» አሉና መልሰው ራሳቸውን ሳቱ። አመሻሹ ላይ ሄሊኮፕተር መጥቶ ኢንቨርነስ ሆስፒታል አደረሳቸው።

ሽማግሌው መምህር ስትሩዋን ሌኪ ናቸው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ በስትራስኬል ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ለሌላው ሰው ወሬያቸው በዚህ ያበቃል። እኔን ግን በዘጠኝ ዓመቴ አባቴ ሲሞትብኝ፣ በየቅዳሜው በራችንን አንኳኩተው «ጫማህን አጥልቅ» እያሉ ተራራ ያወጡኝ እሳቸው ናቸው። ሰሜን የት እንደሆነ፣ በዝናብ ድንኳን እንዴት እንደሚተከል፣ ስድስት ጊዜ ማፏጨት ወይም ስድስት ጊዜ ባትሪ ማብራት «ድረሱልኝ» ማለት እንደሆነ የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ስለዚህ እኔ ሳጅን ፈርገስ ማዋት ሰኞ ጠዋት ጣቢያ የገባሁት እንደ ፖሊስ ሳይሆን እንደ ልጅ ነበር። ደሜ ፈልቷል።

ይህን የምጽፈው ለክስ አይደለም። ምስጋና ያለብኝ ሰው አለ፤ ምስጋናዬ እንዲታመን ደግሞ ምን ያህል ቂል እንደነበርኩ አብሬ መናገር አለብኝ።

ጉዳዩን እንድትመረምር የተላከችው ኢንስፔክተር ማርሳሊ ጋን ናት። ከእኔ በአሥር ዓመት ታንሳለች፣ በማዕረግ ትበልጠኛለች፣ በትዕግሥትማ አናወዳድር። የዚሁ አገር ልጅ ስለሆነች በቢሮ ጫማ አልመጣችም፤ የተራራ ጫማዋን አድርጋ፣ የአጃ ቂጣ እየቆረጠመች ነው ከመኪና የወረደችው።

«ሐኪሙ ምን አለ?» አልኳት ሰላም ሳልላት።

«ደህና አድረሃል፣ ፈርገስ። ቁስሉ በድንጋይ ነው አለ። ድንጋዩ ወደ እሳቸው ይምጣ እሳቸው ወደ ድንጋዩ ይሂዱ አላወቀም። ከቅዳሜ ምሽት እስከ እሑድ ጠዋት ባለው ጊዜ ነው።»

«ስልክና ድንኳን ተወስዷል እኮ። ምን ያጠራጥራል?»

«አንተን ምንም አላጠራጠረህም፤ አየሁ» አለችና ፍርፋሪውን ከኮቷ ላይ አራገፈች።

መጀመሪያ ያናገርነው ሽማግሌውን ያገኘችውን ሴት ነው። ሞርቨን ፔትሪ ትባላለች፤ ግላስጎው ውስጥ አውቶቡስ ትነዳለች። በመንደሩ እንግዳ ማረፊያ፣ ምድጃ ሥር፣ እጇን በሻይ ኩባያ እያሞቀች አገኘናት። ዓይኗ እንቅልፍ አላየም።

«የወደቀ ሰው አውቃለሁ» አለች። «ሃያ ሁለት ዓመት ቅዳሜ ማታ ማታ ሰካራም ጭኜ ነድቻለሁ። እሳቸው በመኝታ ከረጢት ተጠቅልለው ነበር፤ ሰውነታቸው ግን ቀዝቃዛ፣ በረዶ። ጭንቅላታቸው በአንገት ልብስ ታስሯል። ራሳቸው ያሰሩት መሰለኝ።»

«ቋጠሮው የት ጋ ነበር?» አለች ማርሳሊ።

«ከኋላ። ማጅራታቸው ላይ።»

ማርሳሊ ጻፈች።

«ባሌ አሌክ ስልክ ወደሚሠራበት ሮጠ። እስከ አስፋልቱ አሥራ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ትንፋሻቸውን እየሰማሁ፣ እሳት እያነደድኩ፣ የማውቀውን መዝሙር ሁሉ እየዘመርኩ። ሐኪሙ ምን አለኝ መሰላችሁ? እሳቱ አንድ ሰዓት ቢዘገይ ኖሮ አይተርፉም ነበር አለኝ።»

«እንጨት ከየት አገኘሽ?»

«ነበር እንጂ። ተፈልጦ፣ ተደርድሮ፣ ጭራሮው ምድጃው ውስጥ ተሰናድቶ፣ ክብሪቱ ሳይቀር። ታውቁታላችሁ ደንቡን። ከጎጆ የሚወጣ ሰው ለሚመጣው ሳያዘጋጅ አይሄድም። ያንን ያዘጋጀውን ሰው ባገኘው እግሩን እስመዋለሁ።» ኩባያውን አስቀመጠች። «ትተርፍላቸው ይሆን ነፍሳቸው?»

«ባንቺ ምክንያት ልትተርፍ ትችላለች» አለቻት ማርሳሊ።

እኔም አመሰገንኳት። ስለ መምህሬ ስል ከልቤ አመሰገንኳት። ሌላውን ግን አልሰማሁም፤ ጆሮዬ የሚፈልገው ስም ብቻ ነበር።

ስሙም ከደጅ ሳንወጣ መጣ። ሽማግሌው ተጠቅልለውበት የነበረው የመኝታ ከረጢት የራሳቸው አልነበረም። ውስጡ ላይ በክር የተሰፋ ስም ነበረበት፤ ጌቲን ፕሮሰር። ከጣቢያ መዝገቡን አነበቡልኝ። የዌልስ ሰው፣ ሠላሳ አራት ዓመቱ፣ ከስድስት ዓመት በፊት ለዕረፍት ብቻ የሚኬድባቸውን ቤቶች ሰብሮ በመስረቅ ታስሮ የወጣ።

«አለቀ» አልኳት ማርሳሊን። «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል።»

«ሌባህ ጥሩ ከረጢቱን ትቶ አሮጌ ካርታ ሰርቆ ሄደ?»

«ደንግጦ ነዋ።»

«ጭንቅላታቸውንስ ማን አሰረው? ቋጠሮው ከኋላ ነው። ሰው የራሱን ቁስል ከኋላ አያስርም።»

«ፈንክቶ ደነገጠ፣ ደንግጦ አሰረ።»

«አንተ ለሁሉም ነገር ድንጋጤ አለህ» አለች። ስሙን ለባቡር ጣቢያዎችና ለአውቶቡስ ማቆሚያዎች ላኩ ብዬ ሳዝ ግን አልከለከለችኝም።

እናቱ ዘንድ የደወልኩት እኔ ነኝ። ዌልስ፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ትኖራለች። ሰላምታ እንኳ አላበዛሁም።

«ወይዘሮ ፕሮሰር፣ ልጅዎ የት ነው?»

«ፖሊስ ነዎት፣ አይደል? ድምፁን አውቀዋለሁ» አለች። «ስድስት ዓመት ሙሉ ልጄ የሰው ክር አልነካም። ጣራ ይሠራል። እረፍት ሲያገኝ ብቻውን ከጎጆ ጎጆ እየሄደ ተራራ ላይ ይውላል። በየእሑዱ ማታ ይደውልልኛል። ትናንት አልደወለም።»

«አልደወለም?» አልኩ፣ እንደ ድል ቆጥሬው። ሰው ሲሸሽ ስልክ አይደውልማ።

«ጌታዬ፣ እናንተ የምትፈልጉት ልታስሩት ነው። እኔ ደግሞ ፈርቻለሁ። ባክዎን ካገኙት በሕይወት መኖሩን ብቻ ይንገሩኝ» አለች። እሺ ብዬ ዘጋሁት። ያቺ ሴት የለመነችኝን ልመና እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከዚያ ወደ ሮሪ ታሎክ ቤት ሄድን። ሮሪ ሸለቆው የሚገኝበት ትልቅ ርስት አደን ጠባቂ ነው፤ ቤቱ ከጎጆዋ በስተምሥራቅ፣ ከወንዙ ማዶ ነው። እኔና እሱ አንድ ክፍል ተምረናል። ጥቅምት ሲገባ አጋዘኖቹ ሲያጓሩ፣ ከደቡብ የሚመጡትን አዳኞች እያጀበ ጋራ ለጋራ ይውላል። በዚያ ወር ድንኳን ያየ እንደሆነ ያብዳል፤ የሰው ሽታ አጋዘን ያባርራላ።

«አዎ፣ ሐሙስ ዕለት ከመምህር ጋር ተጣልተናል» አለ ሳንጠይቀው። «ሱቅ ደጃፍ ላይ፣ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ድንኳንዎን እኔ አደን ከማደርግበት ያርቁ አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ 'ሮሪ፣ አንተ ሰባት ሲባዛ በስምንት ስንት እንደሆነ ገና አልመለስክልኝም' አሉኝ። ሰው ሳቀ። እኔ ተናደድኩ።»

«ቅዳሜስ?» አለች ማርሳሊ።

«ከአራት አዳኞች ጋር ነበርኩ። ከዚያ እስኪነጋ ውስኪ ሲጠጡ እኔ ጫማቸውን ሳደርቅ አደርኩ። ጠይቋቸው።»

«እሑድ?»

«እሑድ ጥይት አይተኮስም። ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፣ ከዚያ ቤት ዋልኩ። ከደጅ አልወጣሁም።»

ማርሳሊ ደብተሯን ዘጋች። «በል ካባህን ልበስ። ጎጆዋ ድረስ ትመራናለህ።»

መንገዱን እኔም አውቀዋለሁ፤ ግን ዝም አልኩ። ስንወጣ ሚስቱ አይሊን ከኩሽና ብቅ ብላ በቴርሞስ ሾርባ ሰጠችው። «ዛሬ እንኳን በጊዜ ና» አለችው። «ትናንት አንተን ስንጠብቅ ጥብሱ ጫማ ሆኗል።»

ሮሪ ጆሮው ድረስ ቀላ። እኔና ማርሳሊ ተያየን። ያን ጊዜ ልቤ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ዌልሳዊውን ይከሳል፣ ሌላው ሮሪን። ንጹሕ ሰው ሊኖር ይችላል የሚል ሦስተኛ ክፍል አልነበረውም።

መኪናዋ የቻለችውን ያህል ወሰደችን፤ የቀረውን አንድ ሰዓት በእግር ነው። ሰማዩ ጠርቷል፣ ንፋሱ ግን ይላጫል። ሮሪ ከፊት ከፊት ይሄዳል፣ አንገቱን ሰብሮ። ማርሳሊ መንገድ ላይ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችውም። ይህ ልማዷ ነው፤ የዋሸ ሰው ዝምታ ሲረዝምበት ራሱ ይሞላዋል ትላለች።

ጎጆዋ እንደ ድሮዋ ናት። አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ምድጃ፣ ጣውላ መደብ፣ እና አላፊ አግዳሚው ሁሉ ስሙንና መንገዱን የሚጽፍበት ደብተር። ማርሳሊ ያንን ደብተር ገለጠች። ሞልቷል፤ የመጨረሻው ቅጠል ግን የለም። በቅርቡ ተቀዷል።

«ይኸው!» አልኩ። «ስሙን ጽፎበት ነበር፣ ማስረጃውን አጠፋ።»

«ወይም ሌላ ሰው አጠፋለት» አለች፣ ሮሪን ሳታየው።

«እኔ እዚህ ከነሐሴ ወዲህ አልረገጥኩም» አለ ሮሪ። ድምፁ እውነት ነበር። ያ ደግሞ ይብስ አናደደኝ።

ማርሳሊ ከጎጆዋ ወጥታ መምህር ድንኳን ተክለውበት የነበረውን ቦታ ፈለገች። ሣሩ ተኝቷል። መምህር ከጎጆ ይልቅ ድንኳን ነው የሚወዱት፤ ዝናቡን ካልሰሙ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። የድንኳኑን ጠርዝ ይዘው የነበሩት ድንጋዮች ግን ተነስተው ወደ ጅረቱ ዳር ተመልሰዋል፤ ችካል የተነቀለበት አፈርም በእግር ተደምድሟል።

«የሚሮጥ ሌባ ይህን ሲያደርግ አይተህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

ውስጥ ስንመለስ ደግሞ ባልዲው ውሃ ሞልቶ፣ አቧራ እንዳይገባበት በሳህን ተከድኖ አየሁ። እንጨቱ ቀጭን ቀጭን ሆኖ ተፈልጧል። ከምድጃው በላይ ባለው ሽቦ ላይ የመምህር እርጥብ ሹራብ፣ ካልሲና የመኝታ ከረጢት ተሰቅለዋል።

ማርሳሊ ምድጃው ፊት ቁጢጥ አለች። አመዱን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ፈርገስ፣ አንተ ከዚህ ጎጆ ስትወጣ ምን ምን ታደርጋለህ?»

«ምን ይሄ ፈተና ነው?»

«መልስልኝ።»

«እንጨት እፈልጣለሁ። ውሃ እቀዳለሁ። ጭራሮ ምድጃው ውስጥ አሰናዳለሁ፣ ወረቀት ካለኝ ከላይ አደርጋለሁ፣ ክብሪት እጭንበታለሁ። በሩን በግ እንዳይገባ ዘግቼ እሄዳለሁ።»

«ከአንተ ቀጥሎ የሚመጣው፣ በርዶት፣ ረጥቦ፣ ሊመሽበት ሲል የገባው ሰው፣ መጀመሪያ እጁ የሚያርፈው የት ነው?»

«ክብሪቱ ላይ» አልኩ።

«ስለዚህ እዚህ ጎጆ ውስጥ አንድ ነገር በእርግጠኝነት እንዲታይልህ ብትፈልግ፣ ሞልቶ ጥግ ላይ በተወረወረ ደብተር ውስጥ ትተወዋለህ?» ብድግ አለች። «ሞርቨን ፔትሪን በሬዲዮ አግኝልኝ። ቃሏን ልትሰጥ ጣቢያ መጥታለች።»

ሬዲዮው የሚሠራው ከጎጆዋ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ነው። ሦስታችንም ወጣን። ሞርቨን ከጣቢያ መለሰችልን።

«እሳቱን በምን አቀጣጠልሽው?» አለቻት ማርሳሊ።

«በክብሪት ነዋ።»

«ከክብሪቱ በፊት፣ ሞርቨን።»

«በወረቀቱ። ጭራሮው ላይ ታጥፎ ተቀምጦ ነበር፣ ክብሪቱ ከላዩ። ለሚመጣው ሰው እንደሚተዉት…»

«ጽሑፍ ነበረበት?»

«እጄ ደንዝዞ ነበር። ቤቱ ጨለማ ነው፣ ሰውየው እየሞቱብኝ ነው። አጥፌው ነበር የለኮስኩት… ጥግ ላይ ሰማያዊ ነገር አይቻለሁ። ሰማያዊ እስክሪብቶ።» ከዚያ በቀስታ «አምላኬ፣ ምን አቃጠልኩ?» አለች።

«ሰው አዳንሽ» አለቻት ማርሳሊ። «አሁን ሁለተኛውን ልናድን ነው።»

እዚያው ጉብታ ላይ እንደቆምኩ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። መምህርን ያገኛቸው ሰው ጭንቅላታቸውን አስሯል። የራሳቸው ከረጢት ረጥቦ ስለነበር የራሱን ደረቅ ከረጢት ሰጥቷቸዋል። ስልካቸውን የወሰደው ሞገድ ወዳለበት ሄዶ ሊደውልበት ነው፣ ድንኳኑን ደግሞ መንገድ ላይ ቢመሽበት ብሎ። ሁሉንም በወረቀት ጽፎ፣ ማንም ሊያልፈው በማይችልበት ቦታ አስቀምጧል። የዚህን አገር ደንብ የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ደጃፉ ላይ ይለጥፈው ነበር። ደንቡን አወቀና ጎዳው።

«እሑድ ጠዋት ከወጣ እስካሁን እርዳታ ጋ መድረስ ነበረበት» አልኩ። «የት ሄደ?»

«እሱን መምህርህ ነግረውናል» አለች ማርሳሊ። «ካርታዬን ወሰደው አሉ። ያ ካርታ የስንት ዓመት ነው?»

«ከእኔ ይበልጣል። ከጀርባው ጨርቅ የተለጠፈበት ነው። አዲስ ግዙ ስንላቸው ተራራ አይንቀሳቀስም ይሉናል።»

«ተራራ አይንቀሳቀስም። በዚያ ካርታ ላይ ከዚህ ጎጆ ወደ ቅርቡ ቤት የሚወስደው መንገድ የትኛው ነው?»

ዓይኔን ሳልከፍት ልነግራት እችል ነበር። በልጅነቴ ጣቴን እያስኬድኩ የተማርኩበት መስመር ነው፤ ወደ ምሥራቅ፣ በእንጨት ድልድዩ ላይ፣ እስከ ሮሪ ቤት አምስት ኪሎ ሜትር። ድልድዩን ግን ካቻምና ጎርፍ ወስዶታል። የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቃል። መምህርም ያውቃሉ፤ ካርታቸው ላይ ግን አልሰረዙትም፤ ለራሳቸው ምን ያደርግላቸዋል?

«ወንዙ» አልኩ። «የቅዳሜው ዝናብ…»

ያን ጊዜ ነው ሮሪ ባርኔጣውን አውልቆ ድንጋይ ላይ የተቀመጠው።

«ብርሃን አይቻለሁ» አለ።

«መቼ?» አለች ማርሳሊ፣ ሳትቆጣ።

«ትናንት፣ ሊመሽ ሲል። ቤት አልነበርኩም። ለዚህ ሳምንት አዳኞች አጋዘን ልይ ብዬ ጋራው ላይ ወጥቼ ነበር። ድልድዩ ከነበረበት ቦታ ባትሪ ብልጭ፣ ብልጭ ይላል።»

«ስንቴ?»

«እስከ አራት ቆጠርኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ፊቴን አዞርኩ።» ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨምቆታል። «ድንኳን ተካዮች ናቸው፣ አጋዘኖቼን ሊያባርሩብኝ ነው አልኩ። ስድስት እንዲሆን አልፈለግሁም። ስድስት ከሆነ መውረድ አለብኝ፤ ደክሞኝ ነበር። ሌሊቱን በሙሉ አምስተኛውና ስድስተኛው ዓይኔ ላይ ነበሩ። ጠዋት እናንተ ስትመጡ ደግሞ አፈርኩ።»

አንገቱን ይዤ ላነሳው እጄን ዘርግቼ ነበር። ግን በምን አፌ? አንዲት እናት ልጄ አልደወለም ብላ ስትነግረኝ እንደ ድል የቆጠርኩት እኔ ነኝ። እኔም እኮ እስከ ስድስት አልቆጠርኩም። እጄን ሰበሰብኩ።

«ተነስ» አልኩት። «አቋራጩን ምራን።»

ሮሪ እንደዚያ ሲሄድ አይቼው አላውቅም። በረግረጉ ላይ፣ ጉልበት በሚደርስ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ አንዴም ወደ ኋላ ሳይዞር። የነፍስ አድን በጎ ፈቃደኞቹን በሬዲዮ ጠርተናል፤ እነሱ እስኪደርሱ ግን ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ሌላ ብርዳም ሌሊት ደግሞ ለዚያ ሰው የመጨረሻው ነው። ስንሄድ ፊሽካ እንነፋለን፣ አጋዘኖቹ ከየጋራው እያጓሩ ያፍኑታል። የእሱንም ፊሽካ ያፈኑት እነሱ ይሆናሉ። ማርሳሊ ያቺን የአጃ ቂጣ የምትበላዋን ሴት አትመስልም ነበር፤ ፊቷ ነጭ ሆኗል።

የወንዙ ድምፅ ቀድሞ ተሰማ። የድልድዩ ሁለት የድንጋይ እግሮች ብቻ ቆመዋል፣ በመካከላቸው ቡናማ ውሃ ይጋልባል። ከዚህኛው እግር ሥር፣ ከንፋስ በተከለለ ቦታ፣ አንድ አረንጓዴ ድንኳን ግማሹ ተተክሎ ግማሹ ወድቋል። የመምህር ድንኳን ነው። ቀኝ ጎኑ ላይ እኔ በአሥራ ሦስት ዓመቴ የሰፋሁት እራፊ አለበት።

ሮሪ ቀድሞ ደረሰ። ጨርቁን ገለጠ።

ሰውየው በድንኳኑ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተኮራምቷል። ቀኝ እግሩን በሁለት ችካልና በቀበቶ አስሮታል፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተሰብሯል። ከንፈሩ ሰማያዊ ነው። ዓይኖቹ ግን ተከፍተው አዩን።

«ሽማግሌውስ?» አለ።

የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነው። ሁለት ቀን ያልበላ፣ ጣቶቹ የማይታጠፉለት፣ አገር ሙሉ በሌብነት የሚፈለግ ሰው።

«በሕይወት አሉ» አልኩት። ከዚያ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አለቀስኩም። አሳፋሪ እንዳልሆነ አሁን አውቃለሁ።

ማርሳሊ በራሷ ካባ ጠቀለለችው፣ ሮሪ የሚስቱን ሾርባ በትንሽ በትንሹ አጠጣው። ሰውየው ሲሞቅለት ንግግሩ እየጠራ መጣ። ድልድዩ የለም፣ ውሃው ደግሞ ያን ያህል ጥልቅ አልመሰለውም። ወንዙ ወሰደው፣ ከድንጋይ ጋር አጋጨው፣ መልሶ ወደዚህኛው ዳር ተፋው። የመምህር ስልክ ውሃ ውስጥ ቀረ። የእሱ ስልክ ደግሞ ከዚያ በፊት ባትሪው አልቆ ነበር።

«ማዶ ያለው ቤት መስኮት ይታየኝ ነበር» አለ። «ባትሪ አበራሁ። ጋራው ላይ አንድ ሰው ቆሞ አየሁ። ያየኝ መስሎኝ ነበር።»

ዝም ማለት ይችል ነበር፣ ሮሪ። ማንም አልጠየቀውም።

«አይቼሃለሁ» አለ። «እኔ ነኝ። አይቼህ ዞርኩ።»

«አሁን ግን መጥተሃል» አለ ጌቲን ፕሮሰር። «በል እግሬን ቀና አድርግልኝ።»

ሮሪ እስከ ጎጆዋ ድረስ በጀርባው ተሸከመው። እንቀይርህ ብንለው እምቢ አለ። መንገድ ላይ ጌቲን በሮሪ ትከሻ ላይ አንገቱን አዙሮ ጠየቀኝ፤

«ወረቀቱን አገኛችሁት? በደንብ የሚታይበት ቦታ ነበር የተውኩት።»

ማርሳሊ አየችኝ። ልዋሽለት አልቻልኩም። ያገኘችው ሴት እሳት እንዳቀጣጠለችበት፣ እሳቱ ባይነድ ደግሞ ሽማግሌው እንደማይተርፉ ነገርኩት።

ከዚያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ብርዱ መስሎኝ ነበር፣ ለካ እየሳቀ ነው።

«ታዲያ ሥራውን ሠርቷላ» አለ።

ወደ ዌልስ የደወልኩት ከሄሊኮፕተሩ ማረፊያ ሆኜ ነው። «ወይዘሮ ፕሮሰር፣ የጠዋቱ ባለጌ ነኝ» አልኳት። «ልጅዎ በሕይወት አለ። የእኔን አባት አድኗል። እርስዎ ደግሞ ይቅር ይበሉኝ።» አባቴ አለመሆናቸውን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ግን ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ሴትየዋ ለብዙ ጊዜ አለቀሰች፣ ከዚያ እራት በልተህ እንደሆነ ንገረኝ አለችኝ።

መምህር ሌኪ ሐሙስ ዕለት ነቁ። ማንም አልመታቸውም። ቅዳሜ ማታ ጅረቱ ላይ ውሃ ሊቀዱ ሲጎነበሱ አንሸራትቷቸው ነው። «ከዝናቡ መሀል አንድ ሰው መጥቶ ከውሃው አወጣኝ» አሉኝ። «ሌሊቱን ሙሉ እንዳልተኛ ስለ ጣራ አሠራር ሲያወራልኝ ነበር። ጠዋት ካርታዬን ሲያነሳ አየሁት። ድልድዩ የለም ልለው ፈለግሁ፣ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ከዚያ ሴትዮዋ ስትመጣ ጉልበቴን ሁሉ አሰባስቤ ነገርኳት። ካርታዬን ወሰደው፣ ያ ሰው ድልድዩ ጋ ይሞታል ለማለት ነበር። ግማሹ ነው የወጣልኝ።»

እኔ ደግሞ ያንን ግማሽ ይዤ ሰው ስከስ ዋልኩ። ይህን ስነግራቸው ጸጉሬን እንደ ልጅነቴ ዳሰሱኝ። «ችኩል ነህ። ሁሌም ካርታውን ሳትገልጥ ነው የምትነሳው» አሉ።

በግንቦት ወር ስድስት ሆነን ወደ ጎጆዋ ወጣን። ጌቲን በምርኩዝ፣ መምህር በሁለት ምርኩዝ፣ ሞርቨን እግሩን ልስም እያለች ስታሳፍረው። ከመኪናው መንገድ ወዲያ ያለውን ሁለቱንም በርስቱ ፈረስ ላይ ያወጣቸው ሮሪ ነው፤ ለዚያ ቀን ሌላ ሥራ አልቀበልም ብሎ። ማርሳሊ ቂጣ ይዛለች። እኔና ሮሪ አንድ የጥቁር ድንጋይ ሰሌዳ ከነጠመኔው ተሸክመን ነበር፤ ከምድጃው በላይ ሰቀልነው። የሚነድ ነገር ላይ መልእክት እንዳይጻፍ።

ሻይ ከጠጣን በኋላ መምህር ያንን ካርታ ከኪሳቸው አወጡ። ከድንኳኑ ውስጥ ያገኘነው እኛ ነን፤ ረጥቦ ደርቋል፣ ጥጉ ላይ የደም እድፍ አለበት። እስክሪብቶ ጠየቁኝ። ድልድዩ ላይ ሁለት መስመር አሰመሩና ሰረዙት። ከዚያ አጥፈው ለጌቲን ዘረጉለት።

«አይ፣ መምህር፣ ይሄንንስ አልቀበልም» አለ ጌቲን።

«አንተን አልጠየቅኩህም» አሉት፣ ክፍል ውስጥ እንደነበሩት ሆነው። «ያዝ።»

ተቀበላቸው። በሁለት እጁ ነው የተቀበለው፤ ከዚያ ቀና ብሎ ሊያየን ስላልቻለ ወደ መስኮቱ ዞረ።

መምህር ወደ እኔ ዘንበል ብለው ክርኔን ነካ አደረጉኝ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል፣ ከንፈራቸው ግን ይስቃል።

«ሳጅን» አሉኝ፣ «ጻፍ። ካርታዬን ወሰደው።»